አባዬን ይዤ ስድስት ኪሎ

መቼም ስድስት ኪሎ ግቢን የማያውቅ የአዲስ አበባ ወጣት የለም። የዛፉ ጥላ ለቀጠሮ ይመቻል፤ ደብተር ከያዛችሁማ ተማሪ ትመስላላችሁ። አባቱን ይዞ የሚሄድ ግን ስንቱ ነው? እኔም እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ አልሞከርኩትም።

አባዬን ለማሳመን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። "ሙዚየም የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኔ እዛ ምን አለኝ?" ይላል። ታናሽ እህቴ ስትለምነው እሺ አለ።

ሙዚየሙ የድሮው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ ጃንሆይ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት። ፎቅ ወጥተን መኝታ ቤታቸውን አየን። እህቴ "ንጉሥ በዚህች አልጋ?" ብላ አሳቀችን። አባዬ ስለ ታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር፣ እዚሁ ቤት ታግተው ስለተገደሉት ሹማምንት ሲተርክ አስጎብኚ መሰለ። ሰው ጆሮውን ሲጥልለት ደግሞ ድምፁን ከፍ አደረገ (አባቶች ሲባሉ!)።

ደጅ ስንወጣ ግን ጭጭ አለ። አትክልቱ ጋ ወዴትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ጣልያኖች ናቸው የሠሩት፤ እያንዳንዱ እርከን ለሙሶሊኒ ሥልጣን አንድ ዓመት። በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። እህቴ ፎቶ ካልተነሳሁ ስትል አባዬ ሥሩ ቁጭ አለ።

"አያቴ እዚህ ግቢ ነው የቀረው" አለ።

እኛ የምናውቀው አርበኛ ሆኖ ዱር እንደወደቀ ነው። ለካ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ለጣልያን ልዑል መወለድ ደስታ ለድሆች ምጽዋት ሲያድል ሊቀበል መጥቶ ኖሯል። አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ሲወረውሩ ጣልያኖች ሕዝቡ ላይ ተኩስ ከፈቱ። ሰውዬው ቤቱ አልተመለሰም።

"ሊለምን ሄዶ ሞተ ብዬ እንዴት ልንገራችሁ?"

እህቴ ትንሽ አሰብ አድርጋ "ገንዘቡን ተቀብሎ ነበር እንዴ?" አለች። "እሱን ማን ያውቃል፣ ልጄ" አላት።

ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ክፍሎቹን ቶሎ ቶሎ እዩና ለአትክልቱ ጊዜ ተዉ። መታወቂያም አትርሱ። የእኔ አባት ያወራው ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ እኔም አላቋረጥኩትም፣ ለምን ደበቅከን ብዬም አልተቆጣሁ።

ስንወጣ ታክሲ ልጠራ ስል ከለከለኝ። በአደባባዩ ስንቴ አብረን አልፈናል መሰላችሁ፤ የሰማዕታቱ ሐውልት ጋ ወርዶ ቆሞ አያውቅም። ተሻገረና ኮፍያውን አወለቀ።