ለተፈናቀለ ሰው ጎረቤቱም ይሰጠው

አንባቢ ሆይ! ቤቱ የፈረሰበት ሰው ምን ይፈልጋል ቢሉህ ምን ትመልሳለህ? ዱቄት፣ ብርድ ልብስ፣ ሸራ ትላለህ። እውነትህን ነው። የራበው ሰው አስቀድሞ ይብላ። ዛሬ የምናወራው ግን ከዱቄቱ ቀጥሎ ስለሚመጣው ነገር ነው።

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን ሰምተህ ይሆናል። ዝናብ የጠገበው ተራራ ተንዶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ጎረቤት ዶማና አካፋ ይዞ ሊያወጣቸው ሮጠ። ናዳው ግን እንደገና ወረደና ሊረዳ የመጣውንም ቀበረው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እስቲ አስበው፤ ከዚያ የተረፈ ሰው ያጣው ቤቱን ብቻ ነው? አብሮት የሚያርሰውን፣ ሲሞትበት የሚቀብርለትን፣ ሲከፋው የሚያጫውተውን ሁሉ አጥቷል። ይህን በሸራ ልትተካው አትችልም።

ጎፋ ሩቅ ነው አትበል። የእኛ የመርጡለ ማርያም አገር የዓባይን ገደል ተደግፎ ያለ አገር ነው። ክረምት ሲከርር ቁልቁለት መሬት እንደሚከዳ ገበሬ ይነገረዋል እንዴ! ደግሞም በ2013 ዓ.ም. ከመተከል በጥቃት የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቻግኒ አጠገብ፣ ራንች በተባለው መጠለያ ተጠልለው ነበር። ቻግኒ እዚሁ ጎጃም ነው። ነገ ወደ አንተ ቀበሌ ላለመምጣቱ ማን ዋስ ይሆናል?

መጠለያ ውስጥ ሰው እንዴት ይውላል? ገበሬው በሬ የለው፣ ማሳ የለው። ጧት ይነሣል፤ ግን የሚሄድበት የለም። ለእርዳታ ተሰልፎ ይውላል። ትናንት ለለማኝ እህል ይሰፍር የነበረ ሰው ዛሬ እጁን ዘርግቶ ሲቆም ያፍራል፤ አንገቱን ይደፋል። ሴቲቱ ቡና አፍልታ የምትጠራው ሰው የለም፤ ከሸራው ወዲያ ያለችውን አታውቃትማ። ሌሊት እንቅልፍ የለም። ዝናብ ሲመታ ልጁ እየጮኸ ይነሣል። አንዳንዱ ዝም ይላል፣ ምግብ ይጠላል። አንዳንዱ አረቄ ይለምዳል። ይህን ያየ ሰው «ሰነፈ፣ ከፋ» ይላል። ስንፍና አይደለም፤ ሐዘንና ድንጋጤ ነው።

ከሩቅ አገር አንድ ነገር ልንገርህ። በ1987 ዓ.ም. በጃፓን አገር፣ በኮቤ ከተማ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። ከ6 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። መንግሥቱ ሀብታም ነውና ጊዜያዊ ቤቶችን ፈጥኖ ሠራ። ሽማግሌና በሽተኛ ይቅደም ተብሎ በዕጣ ተደለደለ። ሐሳቡ ቅን ነበር። ነገር ግን ዕጣው የአንድ መንደር ሰዎችን በየፊናው በተናቸው። አሮጊቷ ማንንም ከማታውቅበት ገባች። ከዚያ በኋላ በነዚያ ቤቶች ብቻቸውን ሞተው የተገኙት ከ200 ይበልጣሉ። አንዳንዱ ከሞተ ስንት ቀን አልፎት ነው የተገኘው። ጣራም ምግብም ነበራቸው እኮ!

በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው አገር የመሬት መንቀጥቀጥና የባሕር ማዕበል መጣ። ኢዋኑማ በምትባል ከተማ ከፊሉ በዕጣ ብቻውን ሲገባ፣ ከፊሉ ከነጎረቤቱ በአንድነት ገባ። ሊቃውንት ቆይተው ሲያዩት ከነጎረቤቱ የገባው ሰው መጠያየቁን ቀጥሏል፤ እንዲያውም ጨምሯል። በዕጣ የገባው ግን ከሰው ርቋል።

እኔ እንግዲህ የምለው ይህን ነው። ሰው ሲፈናቀል በመጣበት ሰዓት ሳይሆን በመንደሩ ይስፈር። የአንድ ጎጥ ሰው ባንድ ረድፍ ይሁን። እድሩ አይፍረስ፤ ዳኛው በሕይወት ካለ ዳኝነቱን ይቀጥል። ማኅበሩና ሰንበቴው በጥሬ ቆሎም ቢሆን ይጠጣ። ሬሳው ላልተገኘ ሰውም ለቅሶ ይቀመጡለት፤ ያልተለቀሰ ሐዘን ሆድ ውስጥ ይቀራል። ለወንዱም ለሴቷም ሥራ ይፈለግ። ጉድጓድ ይቆፍሩ፣ ሽንት ቤት ይሥሩ፣ ጓሮ ይትከሉ፤ በደቦ ጥሯቸው፣ በወንፈል አግዟቸው። «ምን አየህ? እንዴት ሞቱ?» እያልክ ግን አታስጨንቅ። ራሱ ሲያነሣው ስማው፤ ካላነሣው አብረኸው ቡና ጠጣ።

አብዛኛው ሰው በወገን መካከል ሲኖር ቀስ በቀስ ይጽናናል። የማይጽናናም አለ። ወር አልፎት የማይተኛ፣ የማይበላ፣ ወይም «ሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው ካለ ብቻውን አትተወው፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰደው። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ጠበልም ይጠመቅ፤ ጠበሉ መድኃኒቱን አይከለክልም። በሰንሰለት ማሰርን ግን ተው፤ ሕመሙን ያብሰዋል እንጂ አያድነውም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ተፈናቃይ ሲመዘገብ ስም፣ ዕድሜና የቤተሰብ ብዛት ይጻፋል። በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር፤ «ጎረቤትህ ማን ነበር?» የሚል። ፊደል የቆጠርክ ሁሉ ይህን መዝገብ መያዝ ትችላለህ። የቀበሌው ጸሐፊ ዱቄት በመቁጠር ተይዞ ይሆናልና እርሱን አትጠብቅ፤ እርሳስህን ይዘህ ከሸራ ወደ ሸራ እየዞርክ ጠይቅ።