የገባው ገንዘብ ለሻጯም ይታወቃት



ከዚህ ቀጥሎ ያለው አሳቤ ለባለ ንግዱም ለደንበኛውም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ስለ ገመትሁ፣ በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንዲወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በአሁኑ ጊዜ በአዲስ አበባ ከአትክልት መደብ አንሥቶ እስከ ጠጉር አስተካካይ ቤት ድረስ፣ ኪውአር ኮድ የሚሉት ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ሥዕል በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይታያል። ደንበኛው ስልኩን ወደ ሥዕሉ ይደቅናል፤ የዕቃውን ዋጋ ይጽፋል፤ የምሥጢር ቁጥሩን ይነካል፤ ገንዘቡም ከእሱ ሒሳብ ወጥቶ ወደ ነጋዴው ሒሳብ ይሄዳል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. በግንቦት ወር ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ባንኮችም የየራሳቸውን ስላወጡ፣ በኪሱ ብር ሳይዝ ከቤቱ የሚወጣው ሰው በዝቷል። ደመወዙ በባንክ ገብቶ በባንክ ለሚያልቅበት ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ይህ ትልቅ ዕረፍት መሆኑን አልክድም። «ዝርዝር የለም» እየተባለ በመልስ ፈንታ ማስቲካ መቀበልም እየቀረልን ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አሠራሩን ለመንቀፍ አይደለም።

ነገሬ እንዲህ ነው። በመሥሪያ ቤታችን አጠገብ ባልደረቦቼና እኔ ምሳ የምንበላባት አንዲት አነስተኛ ምግብ ቤት አለች። በግድግዳዋ ላይ ያለው ሥዕል የተመዘገበው በባለቤቲቱ ስም ነው፤ ይህን ያህል ብር ገብቷል የሚለውም መልእክት የሚደርሰው በባለቤቲቱ ስልክ ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ ጧት ወጡን አሠርተው ሲያበቁ ወደ ሌላ ጉዳያቸው ይሄዱና ማታ ይመለሳሉ። ቀኑን ሙሉ የምታስተናግደውና ሒሳብ የምትቀበለው አንዲት ልጅ ናት። ልጅቱ መከፈሉን የምታረጋግጠው በበላተኛው ስልክ ላይ የሚታየውን አይታ ነው፤ ሌላ ማስረጃ የላትም።

ባለፈው ወር፣ በአለባበሳቸው የተከበሩ የሚመስሉ ሦስት ሰዎች መጥተው በሉ፤ ሒሳባቸውም 620 ብር ሆነ። ከመካከላቸው አንዱ ስልኩን አሳያት፤ «ተከፍሏል» ይላል፤ ልጅቱም አመስግና ሸኘቻቸው። ማታ ሒሳብ ሲተሳሰብ ግን 620 ብር የሚባል ገንዘብ አልገባም። ሰውየው ያሳያት ቀደም ሲል ያዘጋጀውን የሐሰት ምስል ኖሯል። ባለቤቲቱም «አንቺ ነሽ የሸኘሻቸው» ብለው ገንዘቡ በሁለት ወር ከደመወዟ እንዲቆረጥ አደረጉ።

ባለቤቲቱን ክፉ ናቸው ለማለት አልደፍርም። ሽንኩርቱንና ዘይቱን የገዙት በገንዘባቸው ነው፤ የቤት ኪራዩም አይጠብቃቸውም። ይሁን እንጂ የምታይበት መንገድ ያልተሰጣትን ሠራተኛ «ለምን አላየሽም» ብሎ መቅጣት እንዴት ያለ ፍርድ ነው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ከደመወዝ ላይ መቁረጥን ይከለክላል፤ በሚቆረጥበትም ጊዜ ከወሩ ደመወዝ ሢሶ እንዳይበልጥ ያዛል። የልጅቱን ፈቃድ በጽሑፍ የጠየቃት የለም።

የስሕተቱ ሥር ሰዎች የዚህን ሥዕል ጠባይ ካለማወቃቸው የመጣ ይመስለኛል። ሥዕሉ መጀመሪያ የተፈለሰፈው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. በጃፓን አገር ሲሆን፣ የፈለሰፈውም ማሳሂሮ ሐራ የተባለ የዴንሶ ኩባንያ መሐንዲስ ነው። የታሰበውም በፋብሪካ ውስጥ የመኪና ዕቃዎችን ለመቆጣጠር ነበር እንጂ ለገንዘብ አልነበረም። በፋብሪካ ያለ ነገር መቆሸሹ ስለማይቀር፣ እንደ አሠራሩ ዓይነት ከመቶ 7 እስከ 30 የሚሆነው ክፍሉ ቢበላሽም እንዲነበብ ተደርጎ ተሠራ። ስለዚህ በምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ወጥ ቢረጭበት ብዙ አይጎዳውም። ነገር ግን ታትሞ የሚለጠፈው ወረቀት በውስጡ የያዘው የነጋዴውን መለያ ብቻ ነው። ማን እንደ ከፈለ፣ ስንት እንደ ከፈለ፣ ከነጭራሹም ተከፍሎ እንደ ሆነ አያውቅም። በላዩ ላይ አንድ ሌባ የራሱን ሥዕል ቢለጥፍበትም ዝም ብሎ ለሌባው ያስተላልፋል። የቻይና ማዕከላዊ ባንክ እንዲህ ያለው የታተመ ሥዕል በቀላሉ የሚለወጥ መሆኑን ተመልክቶ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከኤፕሪል 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ደንበኛ በእሱ በቀን ከ500 ዩዋን በላይ እንዳይከፍል የወሰነው ስለዚህ ነው።

በህንድ አገር ደግሞ ባለ ሱቆቹ በሌላ መንገድ ተረድተዋል። የራሷ ሲም ካርድ ያላት አንዲት ትንሽ የድምፅ ሣጥን በመደቡ ላይ ትቀመጣለች፤ ገንዘቡ በገባ ጊዜ «ይህን ያህል ሩፒ ገብቷል» ብላ ጮክ ብላ ትናገራለች። ሻጩ ሻይ እየቀዳም ቢሆን ይሰማል፤ ማንንም «ስልክህን አሳየኝ» አይልም። ይህቺ ሣጥን በኛም አገር በየቡና ቤቱ ብትገባ እንዴት መልካም ነበር። ጫጫታው ሊሰለቸን ይችል ይሆናል፤ በታክሲ ውስጥ ከለመድነው ግን አይብስም።

እስከዚያው ድረስ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ዘዴ አለ። ለንግዱ የተመዘገበው ስልክ ከቤቱ አይውጣ። መልእክቱን ለመቀበል ተራ ቁልፍ ያለው ርካሽ ስልክ ይበቃል፤ የምሥጢር ቁጥሩ በባለቤቲቱ ዘንድ ከቆየ ልጅቱ የገባውን ታያለች እንጂ ልታወጣው አትችልም። ለሠራተኛ የተለየ መግቢያ የሚሰጥ ባንክ ካለ ነጋዴዎች ይጠቀሙበት፤ በሌለበትም ዘንድ ይጠይቁ። ባንኮቹም አንድ ነጋዴ ሊመዘገብ በመጣ ጊዜ ወረቀቱን ሰጥተው ከመሸኘታቸው በፊት «በመደብርዎ ገንዘብ የሚቀበለው ማን ነው?» ብለው ቢጠይቁት ብዙ ጠብ ይቀር ነበር።

በዚህ ነገር ታማኙ ደንበኛም የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ኔትወርክ ሲደክም ገንዘቡ ከሒሳቡ ወጥቶ መልእክቱ ለሻጩ ሳይደርስ ይቀራል፤ ሰውየውም በሰው ፊት አፍሮ ሁለተኛ ለመክፈል ይገደዳል። እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ ቁጥር ስላለው፣ ቁጥሩንና ሰዓቱን ጽፎ መያዝ በኋላ ለመተሳሰብ ይረዳል።

እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ወራት በፊት ይህችው ልጅ «ጋሼ፣ አንዴ ይታገሡኝ፣ እትዬ ጋ ደውዬ ልጠይቅ» ብትለኝ፣ ባልደረቦቼ ፊት ሌባ የተባልሁ መስሎኝ «ምን ማለትሽ ነው!» ብዬ ተቆጥቻታለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ማንንም ስትጠይቅ አላየኋትም። እነዚያ ሦስት ሰዎች በመጡ ጊዜም አልጠየቀችም። ጥሬ ገንዘብ ስንሰጥ ሻጩ ብሩን ወደ ብርሃን አንሥቶ ቢያየው የሚቆጣ የለም፤ ስልካችንን ካሳየን በኋላ ግማሽ ደቂቃ ቁሙ ብንባል የሚያስከፋን ምን እንደ ሆነ አልገባኝም።

አሁን ልጅቱ አንድ ደብተር ገዝታ የየሰዉን የክፍያ ቁጥር በእጇ ትጽፋለች፤ በምሳ ሰዓት ሰልፉ ይረዝማል፤ አንዳንዱም ያጉረመርማል። ለባለቤቲቱ ስለ ስልኩ ነግሬያቸው «አስብበታለሁ» ብለውኛል። ሁለተኛው 310 ብር የሚቆረጠው በዚህ ወር መጨረሻ ነው።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ