ስልቻውን ሳንፈታ

«በስምንት ዓመት አስረጀችኝ!» ብሎ ተቀበለኝ ወዳጄ፣ ገና ከደጅ ሳልገባ። ስልኩን ዓይኔ ላይ ደቀነው። በቴሌግራም የደረሰችው ጨዋታ ናት። የላኩለት ሰዎች ዕድሜ ታውቃለች ብለውታል።

ትእዛዟን አነበብኩ። ከ1 እስከ 9 ካሉት አንድ ቁጥር ያዝ። በ2 አባዛው። 5 ጨምር። የመጣውን በ50 አባዛ። የዘንድሮ ልደትህ ካለፈ 1776፣ ካላለፈ 1775 ጨምር። መጨረሻ ላይ የተወለድክበትን ዓመት ቀንስ። ፊት ያለው አኃዝ የያዝከው ቁጥር ነው፣ የቀሩት ሁለቱ ዕድሜህ ናቸው።

«ስንት ያዝክ?»

«4።»

ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጁ ጠረጴዛው ጥግ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር፤ ከደብተሯ አንድ ገጽ ቀድዳ ሰጠችን። 4 በ2 ሲባዛ 8፣ 5 ሲጨመርበት 13፣ በ50 ሲባዛ 650። ወዳጄ የመጋቢት ልጅ ነው፤ አሁን ሰኔ 2018 ላይ ነን፣ ልደቱ አልፏል። 1776 ጨመርን፣ 2426 ሆነ። የተወለደበትን 1975 ስንቀንስ 451 ወጣ። አራቷ ልክ ናት። ሃምሳ አንዱ ግን ከየት መጣ? ሰውየው 43 ዓመቱ ነው።

«ውሸት ናት ማለት ነው» አለ።

«አይደለችም። ግን እሷን ከመፍታታችን በፊት አንዲት ትንሽ እንጫወት። ቁጥር ያዝ፣ አትንገረኝ። በ2 አባዛው። 10 ጨምር። ለ2 አካፍል። መጀመሪያ የያዝከውን ቀንስ። 5 ቀረህ።»

«ይቺንማ ልጆች ሆነን እናውቃታለን!»

«እናውቃታለን። ለምን 5 እንደሚቀር ግን የነገረን ሰው ነበር?»

ዝም አለ። አጠገባችን ለለቀማ የተዘጋጀ ባቄላ በሰፌድ ተቀምጦ ነበር። አንድ እፍኝ ዘገንኩና ወረቀቱ ላይ አፉ የታሰረ ስልቻ ሣልኩ። «አንተ የያዝከው ቁጥር ይህ ስልቻ ነው። ውስጡ ስንት ፍሬ እንዳለ አላውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገኝም። በ2 አባዛው ስልህ ሁለት ስልቻ ሆነልህ።» ሁለተኛ ስልቻ ሣልኩ። «10 ጨምር ስልህ...» ዐሥር ባቄላ ቆጥሬ ከስልቻዎቹ ጎን ደረደርኩ። «አሁን ለሁለት ክፈለው።»

ልጅቷ ቀደመችው። አንዱን ስልቻ በመዳፏ ሸፈነችና አምስት ባቄላ ወደ ሰፌዱ መለሰች። «አንድ ስልቻና አምስት ባቄላ ቀረ።»

«የያዘውን ይቀንስ።»

የቀረውንም ስልቻ ሸፈነችው። ጠረጴዛው ላይ አምስት ባቄላ ብቻ ቀረ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ያን ፊቷን ለረጅም ጊዜ አልረሳውም። «ጋሼ፣ እኛ ኤክስ የምንለው ይሄንን ነው እንዴ?»

አዎ፣ ይሄንን ነው። እኔ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ኤክስ ጽፈው «ፈልጉ» አሉን። የምንፈልገው ምን እንደሆነ አልገባንም፤ ብዙዎቻችን ከሒሳብ ጋር የተቆራረጥነው ያን ሰሞን ነው። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከ1,200 ዓመት ገደማ በፊት ባግዳድ ሆኖ የጻፈው አል-ኸዋሪዝሚ እንኳ እንዲህ ያለ ምልክት አልነበረውም፤ አልጀብራ የሚለውን ስም የወረስነው ከእሱ መጽሐፍ አርእስት ሆኖ ሳለ ስሌቱን ሁሉ የጻፈው በቃላት ነው። ያልታወቀውን ቁጥር በዐረብኛ «ሸይእ» ይለዋል፤ «ነገር» ማለት ነው። «ነገሩን በሁለት አባዛው» ቢሉት የማይገባው ልጅ ያለ አይመስለኝም። ኤክስ የገነነው ዴካርት በ1637 በፈረንጅ አቆጣጠር ካሳተመው የጂኦሜትሪ መጽሐፍ ወዲህ ነው።

«እሺ፣ ወደ እኔ ሃምሳ አንድ እንመለስ» አለ ወዳጄ።

«የያዝከው አንድ ስልቻ ነው። በ2 ሲባዛ ሁለት ስልቻ፣ ከዚያ 5 ፍሬ። ይህ ሁሉ በ50 ሲባዛስ?»

«መቶ ስልቻና... 250 ፍሬ።»

«መቶ ስልቻ ማለት የያዝካት 4 ወደ መቶ ቤት ወጥታ ተቀመጠች ማለት ነው። የዐሥርና የአንድ ቤት ለዕድሜህ ባዶ ሆነው ይጠብቃሉ። አሁን 250ውን ከ1776 ጋር ደምር።»

በጣቱ አየር ላይ ደመረ። «2026።» ቆየት ብሎ ግንባሩን መታ። «የፈረንጅ ዓመት ነው!»

እሱ ነው። መልእክቷ የምትሠራው የልደቱን ዓመት ከ2026 በመቀነስ ነው። 250ውን በማባዛት ውስጥ ስለሸሸገችው ዓመቱ ለዓይን አይታይም። ወዳጄ ደግሞ የተወለደበትን በእኛ አቆጣጠር ሰጣት። በፈረንጅና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው። እኛ ሰኔ ላይ ነን፤ ስምንቷ ከዚያ መጣች።

«ታዲያ ለእኛ አስተካክላት።»

«አንተው አስተካክላት። መድረስ ያለብህ 2018 ነው፤ 250 በእጅህ አለ።»

«1768!» ወረቀቱን ነጠቀኝና ሠራው። 650 እና 1768፣ 2418። ሲቀነስ 1975፣ 443። ልደታቸው ላላለፈ ደግሞ 1767 እንደሚሆን ማንም ሳይነግረው ጻፈው። መስከረም ሲጠባ ሁለቱንም በአንድ ከፍ ያደርጋቸዋል። ልጅቷ መቶ ዓመት የሞላቸው ሰው ቢጫወቱስ ብላ ጠየቀች። መልካም ጥያቄ ነው፤ ያኔ ዕድሜያቸው ወደ መቶ ቤት ዘልቆ ይገባና ከያዙት ቁጥር ጋር ይደመራል፤ ጨዋታዋ እዚያ ላይ ትፈርሳለች።

ቡናው ቀረበ። ወዳጄ ስኒውን ይዞ በሐሳብ ሄደ። ነፍሳቸውን ይማርና አባቱ የባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን የሚያወጣው ስሌት፣ ሰው ነበሩ። «አባዬ በየዓመቱ አበቅቴና መጥቅዕ ሲያወጣ ሁለቱን ይደምርና 30 ካልመጣ ስሌቱን ከመጀመሪያው ይጀምር ነበር። ለምን 30 እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም» አለኝ።

ይቺን ስሌት ከድሮም እወዳታለሁ። የዘንድሮውን አወጣን። 5500 ዓመተ ዓለም ላይ 2018 ሲጨመር 7518። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ 12፤ ወንበሩ ይህ ነው። ወንበር በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም 30 እየተነሣ ሲጣል፣ 12 ይቀራል፤ አበቅቴ። ወንበር በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ 18 ይቀራል፤ መጥቅዕ። 12 እና 18፣ 30።

«አሁን ወንበሩን ስልቻ አድርገው» አልኩት። «አበቅቴ 11 ስልቻ ነው፣ መጥቅዕ 19 ስልቻ። አንድ ላይ ስንት?»

«30 ስልቻ።»

«ስልቻው ውስጥ ምንም ይኑር፣ 30 ስልቻ ያለ ትርፍ ለ30 ይካፈላል። ስለዚህ ከሁለቱ ግድፈት የተረፉት ተገናኝተው አንድ 30 ከመሙላት በቀር ሌላ ዕጣ የላቸውም።» ወንበሩ አልቦ በሚሆንበት ዓመት እንኳ አበቅቴው አልቦ፣ መጥቅዑ 30 ይባላል።

ዐሥራ አንዷ ራሷ ከሰማይ የወረደች ናት፤ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ 354 ነው፣ ልዩነታቸው 11። ትውፊቱ ደግሞ የባሕረ ሐሳብ ደራሲ የሚባለው ድሜጥሮስ የሌሊት 23 ሱባዔ፣ የቀን 7 ሱባዔ ገባ ይላል። ሱባዔ ሰባት ነውና 23 በ7 161፣ በ30 ሲገደፍ 11፤ 7 በ7 49፣ በ30 ሲገደፍ 19። እዚህም 23 እና 7 ተደምረው 30 ናቸው። ይህን ወረቀት ላይ ሳየው እጄን አፌ ላይ ጫንኩ፤ ሊቃውንቱ ፊደል በቁጥር ቦታ ሳያስገቡ አልጀብራውን በቃላቸው ይዘውት ኖረዋል። ከመጥቅዑ 18 ተነሥተን፣ መስከረም 18 እሑድ ዋለ፣ የእሑድ ተውሳክ (ለዕለቱ የተመደበው ጭማሪ) 7 ተጨመረ፣ 25 ሆነ ብንል ዘንድሮ የነነዌ ጾም የገባበት ጥር 25 እጃችን ላይ ነው።

ወዳጄ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ሕፃን ሳለሁ ይህን ብጠይቀው ኖሮ...» ብሎ አልጨረሰውም።

ልጅቷ ግን የራሷን ስትሠራ ቆይታለች። «አባዬ፣ ቁጥር ያዝ። በ3 አባዛው። 12 ጨምር። ለ3 አካፍል። የያዝከውን ቀንስ።»

ወዳጄ ጊዜ ወሰደ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«4 ነው» አለችው።

«ግማሽ ነበር እኮ የያዝኩት! ሙሉ ቁጥር አልነበረም» አላት፣ ያሸነፈ መስሎት።

«ግማሽም ቢሆን ስልቻ ነው» አለችና አራት ባቄላ ቆጥራ ፊቱ አስቀመጠች።