ፀጉሩ የረገፈ ውሻ ሁሉ እከክ የያዘው አይደለም

ይድረስ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤

በእኛ በጎንደሩ ማራኪ ሰፈር የአንድ ግቢ ውሻ ፀጉሩ መርገፍ ሲጀምር ጎረቤቱ ሁሉ «እከክ ነው» ይላል። ባለቤቱም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባዋል፤ አለዚያ ለበግ የተገዛ ዲያዚኖን ይረጭበታል። ካልዳነ ከግቢ ይባረርና የጎዳና ውሻ ይሆናል። በእንስሳት ጤና ሙያ ላይ ያለሁ የዚሁ አካባቢ ነዋሪ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ከእነዚህ ውሾች ብዙዎቹ መድኃኒታቸው የሚበሉበት ሳህን ውስጥ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ዕጢያቸው ላይ መሆኑን አንባቢዎቻችሁ እንዲያውቁልኝ ነው።

ሰው እከክን ቢጠረጥር አልፈርድበትም። ከዳባት እስከ ደባርቅ ያለው ደገኛ እከክ የበግና የፍየሉን ቆዳ እንዴት እንዳበላሸበት ያውቃል፤ በክልላችንም ለዓመታት የርጭት ዘመቻ ተካሂዷል። ውሻም እከክ ይይዘዋል፤ ወደ ሰውም ያስተላልፋል። ግን እከክ ያለ ማሳከክ አይመጣም። እንስሳው ሌት ተቀን ያካል፣ ይነክሳል፣ ጆሮውና ክርኑ ይቆስላል። ፀጉሩ እየሳሳ፣ ቆዳው እየተቀረፈ፣ እሱ ግን ሳያክ ዝም ብሎ ከተኛ ነገሩ ሌላ ነው።

ከምግቡ ልጀምር፤ በብዛት የሚታየው እሱ ነውና። ውሻ ከሚመገበው ፕሮቲን እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ለቆዳውና ለፀጉሩ ያውለዋል። ፕሮቲን ሲያጥረው ሰውነቱ ለልብና ለጡንቻ ቅድሚያ ሰጥቶ ፀጉሩን ይተወዋል። አሁን የእኛን ግቢ ውሻ አስቡት፦ የእንጀራ ትርፍ፣ የሽሮ ጥራጊ፣ ቢበዛ ፍሩሽካ በውኃ ተለውሶ። በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን ደግሞ አጥንት እንኳ አያይም። ጾሙ የእኛ ነው፤ ውሻና ድመት ግን የሚጾሙት ሳይወዱ ነው።

ጉዳቱ በፕሮቲን ብቻ አያበቃም። በእህል ውስጥ፣ ይበልጡንም በፍሩሽካ ውስጥ፣ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ዚንክን አስሮ አንጀት እንዳይመጠው ያደርጋል። የእንጀራው ሊጥ መቡካት ፋይቴቱን ይቀንሰዋል፤ ፍሩሽካ ግን ሳይቦካ ነው የሚቀርበው። ዚንክ ያጠረው ቡችላ በአፉና በዓይኑ ዙሪያ፣ በመዳፉም ላይ ወፍራም ቅርፊት ያወጣል። ይህን ቅርፊት እከክ ነው ብሎ ዘይት የቀባ ሰው የራበውን ቆዳ መርዝ አለበሰው ማለት ነው። የሞተር ዘይት በቆዳ ይሰርጋል፣ ሲላስ ደግሞ ወደ ሆድ ይገባል፤ ጉበትና ኩላሊትን ይጎዳል። ቀኑን ሙሉ ራሷን ስትልስ ለምትውል ድመት ደግሞ ይብሳል።

ድመት እንጀራ በወተት ይበቃታል የሚለውም ልማድ ይቅር። አይጥ የምታድን ድመት የጎደላትን ራሷ ትሞላለች፤ ቤት ተዘግቶባት የምትውለው ግን መከረኛ ናት። ውሻ ካሮት ውስጥ ካለው ንጥረ ነገር ቫይታሚን ኤ ይሠራል፤ ድመት አትችልም። ለቆዳዋ የሚያስፈልጋትን አራኪዶኒክ አሲድ የተባለ ስብም ከእንስሳት ተዋጽኦ ካላገኘች ሌላ ምንጭ የላትም።

ማሟያው ደግሞ ከአቅም በላይ አይደለም። የኑግ ዘይት 70 በመቶ ገደማ ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ የውሻ ቆዳ ርጥበቱን የሚጠብቀው በዚህ ስብ ነው። ከቅዳሜ ገበያ ከተገዛው ዘይት በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ምግቡ ላይ ጠብ ማድረግ ማንንም አያደኸይም። ከጎርጎራ የሚመጣ ዓሣ ሲጸዳ የሚጣለው ጭንቅላት ተቀቅሎ፣ እሾሁ ተለቅሞ ይሰጥ። እንቁላልም ይቀቀል፤ ጥሬው ነጩ ባዮቲን የተባለውን የቆዳ ቫይታሚን ያስራል። የከብት ሆድ ዕቃም እንዲሁ ተቀቅሎ ይሁን፤ ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ በጥሬው ለውሻ መጣል ሰውን ጭምር ለሚጎዳ ትል በር መክፈት ነው። ሽንኩርት የበዛበት የወጥ ትርፍ ግን ለውሻም ለድመትም አይሰጥ፤ ቀይ የደም ሕዋሳቸውን ይሰብራል። ምግቡ ከተስተካከለ በኋላ ለውጡ እስኪታይ ከ6 እስከ 8 ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል።

የሆርሞኑ ችግር ቁጥሩ ያንሳል፤ ግን በደንብ እየበላ ፀጉሩ የሚረግፍ ውሻ ሲያጋጥም መረሳት የለበትም። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሲደክም በመካከለኛ ዕድሜ ያለ ውሻ ብዙ ሳይበላ ይወፍራል፣ ይፈዛል፣ ፀሐይ ይፈልጋል፤ በሁለቱም ጎኑ እኩል ይመለጣል፤ ጭራውም ይራቆታል። አንዱ ፍሬው ሆዱ ውስጥ የቀረ ወንድ ውሻ ደግሞ ዕጢ ሊያበቅልና የሴት ሆርሞን ሊያመነጭ ይችላል፤ ጡቱ ያብጣል፣ ፀጉሩ ይረግፋል። ይህኛው በቀዶ ሕክምና ይድናል። ወልዳ ያጠባች ውሻ ፀጉሯ ቢሳሳ ግን ብዙ ጊዜ በራሱ ይመለሳል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ በእኛ በባለሙያዎች እጅ የሚፈጠረው የሆርሞን ችግር ነው። ዴክሳሜታዞን የተባለው መርፌ ማሳከክን በሰዓታት ያስታግሣል፤ ባለቤቱም ይደሰታል፣ ደግሞ ያስወጋል። ሲደጋገም ውሻው ውኃ አይጠግብም፣ ሆዱ ይንጠለጠላል፣ ቆዳው እንደ ወረቀት ይሳሳል፣ ፀጉሩም ይረግፋል። ሕመሙን ያመጣነው እኛ ነን። በድንገት ማቋረጡም አደገኛ ስለሆነ መድኃኒቱ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

«አጉሊ መነጽር ሥር ተባይ ታይቷል፤ ምን ትላለህ?» የሚለኝ ባልደረባ ይኖር ይሆናል። ዴሞዴክስ የተባለው ተባይ በጤነኛ ውሻ ቆዳ ላይም በጥቂቱ አለ። በጎልማሳ ውሻ ላይ በድንገት ከበዛ አንድ ነገር አቅሙን አድክሞታል ማለት ነው፤ ረሃብ፣ የዕጢ ሕመም ወይም ያው መርፌ። ተባዩን ገድሎ ሥሩን መተው ውሻውን ለሌላ ዙር ማቆየት ነው።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼን የምለምነው፣ መርፌ ከማንሣታችሁ በፊት ቆዳውን ፍቃችሁ መርምሩ፤ «ምን ይበላል? ከዚህ በፊት ምን ተወግቷል?» ብላችሁም ጠይቁ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና መምህራንም ተማሪዎቻቸውን በከብትና በበግ ላይ እንደሚያተጉ ሁሉ በውሻና በድመት ቆዳ ላይ ያትጉልን። እናንተም አዘጋጆች ከዐቢይ ጾም በፊት በሚወጣው እትማችሁ ስለ ውሻና ድመት አመጋገብ አንድ ገጽ ስጡን፤ ጽሑፉን እኔ በነፃ አዘጋጃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የእንስሳት ጤና ባለሙያ
ማራኪ፣ ጎንደር