«ቲቸር፣ ቪ ኤስ ኮድ ይጫኑልኝ»

ኮድ መጻፍ ለመማር ከቆቦም፣ ከሮቢትም፣ ከጎብዬም የሚመጡ ልጆች ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ቪ ኤስ ኮድ የሚባለው የኮድ መጻፊያ። ዩቲዩብ ላይ ያዩት እሱን ነዋ! እኔ ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት የላፕቶፑን ራም አያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ 4 ጊጋ ነው፤ ባትሪውም ገመዱ ከተነቀለ አይቆይም።

ቪ ኤስ ኮድ መጥፎ ነው አልልም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ካወጣው ወዲህ ዓለም የወደደው በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ኤሌክትሮን በሚባል ማዕቀፍ ስለተሠራ፣ ክሮም የሚሠራበትን የብሮውዘር ሞተር በሆዱ ይዟል። ልጁ የሠራውን ገጽ ለማየት ክሮምን ሲከፍት፣ ዊንዶውስ ባስተረፈው ራም ላይ ሁለት ብሮውዘር ይሻማል ማለት ነው። በቆላችን የግንቦት ሙቀት ማራገቢያው ሲጮኽ፣ የተመታው ፊደል ዘግይቶ ብቅ ሲል፣ ጀማሪው የሚጠረጥረው ራሱን ነው፤ «ኮድ ለእኔ አይሆንም» ይላል። የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ የሚባለውን ቀለል ያለ ኤዲተር እጭንለታለሁ። መጫኛው 10 ሜጋ ባይት እንኳ አይሞላም፤ በፍላሽ ይዞራል፣ የማንንም ፓኬጅ አይበላም። ያልተቀመጠ ጽሑፍን በየ7 ሰከንዱ በራሱ ይይዛል፤ መብራት ቦግ እልም በሚልበት ከተማ ቀላል ነገር አይደለም። (ሐቁን ለመናገር ቪ ኤስ ኮድም ያልተቀመጠ ጽሑፍ ያተርፋል።) ሊኑክስ ለጫነ ደግሞ ጂኒ የሚባል ኤዲተር አለ።

ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ስህተት እየጠቆመ አያግዝም ይሉኛል። እንደ ቪ ኤስ ኮድ አያግዝም፤ ልክ ነው። ለጀማሪ ግን ያልተዘጋውን ቅንፍ በገዛ ዓይኑ መፈለግ ትምህርት ነው። ቀላል መሣሪያ የድሃ ነው የሚሉትን ደግሞ ቪምን አሳያቸዋለሁ። ሆላንዳዊው ብራም ሞሌናር እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ይህ ኤዲተር ጥቁር ስክሪን ላይ በፊደል ብቻ ይሠራል፤ አንቱ የተባሉ ፕሮግራመሮች ዛሬም አልተዉትም። 

ጉዳዩ የእኔ ተማሪዎች ብቻ አይደለም። ሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ስልጠና በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው። ወጣቶች እንዲመዘገቡ የሚቀሰቅሱ ጽሕፈት ቤቶች ከቅስቀሳው ጎን ኖትፓድ ፕላስ ፕላስን፣ ጂኒንና የፓይተንን መጫኛ የያዘ ፍላሽ በየትምህርት ቤቱ ቢያስቀምጡ የአንዱ ፍላሽ ወጪ ከአንድ ባነር አይበልጥም። ባለ 8 ጊጋ ላፕቶፕ ያገኘ ልጅ ቪ ኤስ ኮድን ያን ጊዜ ይጫን፤ እኔም አግዘዋለሁ።