ዘር ብቻውን ከልጓም አይስብም

«ዘር ከልጓም ይስባል» ሲባል እየሰማን አደግን። የአባቶች ተረት ነው ብለን ስናልፈው፣ ዛሬ ነጭ ጋዋን ለብሶ ግቢያችን ድረስ መጣብን። «ሁሉም ነገር ጂን ውስጥ ተጽፎ ያለቀ ነው፤ አካባቢ ወንፊት ነው፣ ያሳልፋል ወይም ይጥላል» ይሉናል አንዳንድ ጓደኞቻችን። ቡና ላይ ደግሞ ወሬው ወደ ሰው ይዞራል፦ «እገሌ ሲፈጥረው አይችልም!» እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስንናገር «እናንተን ምን አገባችሁ?» እንባላለን። ያገባናል እንጂ!

እስቲ አንበጣን እንጠይቅ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የገበሬውን ማሳ ያራቆተው የበረሃ አንበጣ ብቻውን ሲኖር ሰው የማይሸሸው፣ ራሱ ግን ጓደኛውን የሚሸሽ ፍጥረት ነው። ሲጨናነቅና የኋላ እግሩ ደጋግሞ ሲነካ ጠባዩ በሰዓታት ውስጥ ይለወጣል፤ ውሎ አድሮ መልኩም ይለወጣል። ኡቫሮቭ እ.ኤ.አ. በ1921 የአንድ ሌላ አንበጣን ጉዳይ እስኪያጠራ ድረስ፣ ብቸኛውና መንጋው ሁለት ዝርያ ይባሉ ነበር። ጂኑ ያው፣ ኑሮው ሌላ!

«ይህማ ላይ ላዩን ነው፤ ለዝግመተ ለውጥ ምን ፈየደ?» ትሉ ይሆናል። ዋዲንግተን እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመውን ሙከራ እዩ። የፍራፍሬ ዝንቦችን ገና ክንፍ ሳያወጡ በሙቀት አስጨነቃቸው። አንዳንዶቹ የክንፋቸው አግዳሚ ሥር ጎድሎ ወጡ። እነሱን እየመረጠ አራባ። ከዐሥር ትውልድ በላይ ሲያልፍ፣ ሙቀት ያልነካቸውም ያንኑ ክንፍ ይዘው ተገኙ። ተአምር አይደለም፤ ተደብቆ የኖረውን የዘር ልዩነት ሙቀቱ ገለጠው፣ ምርጫው አከማቸው። ወንፊት ያላችሁት አካባቢ፣ ለካ እህሉ ሲበቅልም እዚያው ነበር! ዌስት-ኤበርሃርድም እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ጂን ብዙ ጊዜ ተከታይ እንጂ መሪ አይደለም ብለው ተከራክረዋል።

የራሳችንንም ወገን እንውቀስ። «እንግዲያውስ ዘር ከንቱ ነው» የሚል አይጠፋም። የቱንም ያህል ብታጨናንቁት ዝንብ አንበጣ አይሆንም፤ የመለወጥ ችሎታውም ራሱ ይወረሳል። ሊሴንኮ ይህን ክዶ የሶቪየትን የዘር ሳይንስ አጠፋ። ስንዴና ገብሳችንን ሊያጠና እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችን የመጣው ቫቪሎቭ በ1943 እስር ቤት ሞተ።

ሰው አንበጣ ነው አላልንም። ግን ብቸኛውን አንበጣ ብቻ ያየ ሰው አንበጣን አውቃለሁ ይበል? እንግዲህ «እገሌ ሲፈጥረው አይችልም» ከማለታችን በፊት፣ መብራትና መጽሐፍ አግኝቶ ያውቃል ወይ? ብለን እንጠይቅ።