በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ስለሚገኙ የቍርስ ቤቶችና ስለ መጋገር ባልትና

የሰውን አገር በእውነት ለማወቅ የሚፈልግ መንገደኛ ሕንጻውንና ሐውልቱን ብቻ አይቶ ቢመለስ እኩሌታውን እንኳ እንዳላየ ይቍጠረው። የሕዝብ ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የሚገለጸው በማለዳ፣ ሠራተኛው ወደ ሥራው ከመሄዱ በፊት በሚቀርብበት ማዕድ ነው። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በደቡብ በኩል ባሉት ግዛቶች፣ ይኸውም በጆርጂያ፣ በአላባማ፣ በቴነሲ፣ በሉዊዚያናና በካሮላይናዎች፣ ሕዝቡ ስለሚወዳቸው የምግብ ቤቶችና በዚያ ስለሚጋገረው ዳቦ ጥቂት ለመናገር አስበናል። በአትላንታ ከተማና በዙሪያዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፣ ልጁን ወይም ወንድሙን ለመጠየቅ ወደዚያ የሚሻገር አንባቢ ነገሩ ሳይጠቅመው አይቀርም። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ ምግቡ እንናገር። የዚያ አገር የቍርስ አለቃ ቢስኪት ይባላል። ስሙ እኛ በወረቀት ታሽጎ ከምናውቀው ደረቅ ብስኩት ጋራ ቢመሳሰልም ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። ያለ እርሾ የሚነሣ፣ ላዩ ቀላ ያለ፣ ውስጡ እንደ ባዘቶ የለሰለሰ ትንሽ ክብ ዳቦ ነው። የሚሠራውም ከስንዴ ዱቄት፣ ከቀዘቀዘ ቅቤ ወይም ስብ፣ ከአሬራና ከሶዳ ነው። የአሬራው ኮምጣጣነት ከሶዳው ጋራ ሲገናኝ አየር እየፈጠረ ሊጡን ያነሣዋል፤ በቅቤው ውስጥ ያለውም ውሃ በጋለው ምድጃ እንፋሎት ሆኖ ሊጡን በየገጹ ይለያየዋል። ስለዚህ ባለ ሞያዋ ቅቤው በእጇ ሙቀት እንዳይቀልጥ ትጠነቀቃለች፤ ሊጡንም እንደ ድፎ ዳቦ ሊጥ አብዝታ አታሽም፤ ብታሸው ይጠነክራልና። በምትቈርጠውም ጊዜ ቍና የመሰለውን መቍረጫ ቀጥ አድርጋ ወደ ታች ትጫነዋለች እንጂ አታዞረውም፤ ቢዞር ጠርዙ ተጣብቆ መነሣት ይከለከላል። ዱቄቱም ቢሆን ከማንኛውም ስንዴ የተፈጨ አይደለም። ሊጥን የሚያጣብቀው ኃይል ያነሰበት ለስላሳ ስንዴ ይመረጣል። በቴነሲ ግዛት በኖክስቪል ከተማ በ1883 ዓ/ም የተመሠረተው ኋይት ሊሊ የተባለው ዱቄት በዚህ ሞያ ስሙ የተጠራ ነው።

ሁለተኛው ግሪትስ የሚባለው ነው። ይኸውም በቆሎ ተከክቶ በውሃ ወይም በወተት ቀስ ተብሎ የሚበስል ሲሆን፣ እኛ ብናየው ከቅንጬና ከገንፎ መካከል የቆመ ነው እንላለን። ሞያውን ያስተማሩት የአገሩ ጥንታውያን ነዋሪዎች የሆኑት ቀያይ ሕንዶች ናቸው፤ የጆርጂያም ሸንጎ በ2002 ዓ/ም ግሪትስን የግዛቲቱ ምግብ ነው ብሎ በሕግ አጽድቆታል። በባሕር ዳር ያሉት የካሮላይና ሰዎች ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ የባሕር ፍጥረት ከላዩ ጨምረው ይበሉታል። ይህ ቀድሞ የዓሣ አጥማጆች ቍርስ የነበረ ሲሆን፣ በኋላ ግን በታላላቅ ማዕዶች ሁሉ የተከበረ ሆነ።

አሁን ወደ ቤቶቹ እንሂድ። በቴነሲ ዋና ከተማ በናሽቪል ዳር፣ በመንገድ አጠገብ፣ ላቭለስ የተባለ ቤት አለ። በ1951 ዓ/ም የቤቱ ባለቤቶች ባልና ሚስት ሆነው ለመንገደኞች የተጠበሰ ዶሮና ትኵስ ቢስኪት በደጃፋቸው በመሸጥ ጀመሩት። ዛሬም ሰው ከሩቅ ከተማ ሳይቀር እየመጣ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ከቢስኪቱም ጋራ የኮክና የእንጆሪ ማርማላታ ይቀርብለታል። በጆርጂያ በሳቫና ከተማ ደግሞ በ1943 ዓ/ም የተጀመረ የወይዘሮ ዊልክስ ገበታ የሚባል ቤት አለ። ይህ እንኳ የምሳ ቤት ነው፤ ነገር ግን ሥርዓቱ ለእኛ አንባቢዎች የተለየ ደስታ ስለሚሰጥ አላለፍነውም። የማይተዋወቁ ዐሥር ሰዎች በአንድ ገበታ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ሳህኑንም እርስ በርሳቸው እየተቀባበሉ ይበላሉ፤ ሲጨርሱም ትልቁም ትንሹም የበላበትን ሳህን ራሱ ወደ ጓዳ ያደርሳል። በአንድ መሶብ መቍረስን ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

በሉዊዚያና በኒው ኦርሊንስ ከተማ ከ1862 ዓ/ም ጀምሮ ካፌ ዱ ሞንድ የሚባለው ቤት ቤኜ የተባለውን፣ በዘይት ተጠብሶ የላመ ስኳር የሚነሰነስበትን ዳቦ፣ ቺኮሪ ከሚባል የተቈላ ሥር ጋራ ከተቀላቀለ ቡናና ከወተት ጋራ ያቀርባል። ነገር ግን በዚያች ከተማ ከዚህ ቤት አስቀድሞ የሚነገር ታሪክ አለ። ሉዊዚያና በእስፓንያ አገዛዝ ሥር በነበረችበት ዘመን ባሪያ የሆነ ሰው ገንዘብ አጠራቅሞ ራሱን እንዲቤዥ ሕጉ ይፈቅድ ነበር። ስለዚህ ከአፍሪካ ምድር ተፈናቅለው የመጡ ሴቶች በዕረፍታቸው ቀን ካላ የሚባለውን የሩዝ ጥብስ በቅርጫት ተሸክመው በየመንገዱ እየዞሩ ይሸጡ ነበር፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በዚያ ሽያጭ የራሳቸውንና የልጆቻቸውን ነጻነት ገዙ። ዛሬ በማለዳ ስኳር የተነሰነሰበትን ዳቦ በደስታ የሚበላ መንገደኛ ይህን ቢያስብ ምግቡ ይበልጥ የከበረ ይሆንለታል።

ከዚህ የሚበልጥ የቅርብ ዘመን ምስክር ደግሞ በአላባማ በሞንትጎመሪ ከተማ ይገኛል። በታኅሣሥ ወር 1955 ዓ/ም የከተማዪቱ ጥቍሮች፣ በአውቶቡስ ውስጥ በቀለማቸው ምክንያት ከኋላ እንዲቀመጡና ለነጭ እንዲነሡ በመገደዳቸው፣ በአውቶቡስ አንሄድም ብለው አደሙ። አድማውም 381 ቀን ቆየ። ይህን ያህል ጊዜ ሕዝብን ከቤቱ ወደ ሥራው በሌላ መኪና ለማመላለስ ብዙ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። በዚያን ጊዜ ጆርጂያ ጊልሞር የተባለች የምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ጓደኞቿን ሰብስባ በየቤታቸው ኬክና የስኳር ድንች ፓይ እየጋገሩ፣ ዓሣም እየጠበሱ፣ በጠጕር ሥራ ቤትና በልብስ ማጠቢያ ቤት ሳይቀር እንዲሸጡ አደረገች። ከገዢዎቹም ውስጥ ነጮች ነበሩበት። ገንዘቡን ለአድማው ማኅበር በምታስረክብበት ጊዜ ከወዴት መጣ ቢሏት ከየትም አይደለም ትል ስለ ነበር፣ የሴቶቹ ማኅበር «የየትም የለሽ ማኅበር» ተባለ። ስማቸው የተሸሸገበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቢታወቅ ከሥራቸው ይባረሩ ነበርና። እርሷ ራሷ በ1956 ዓ/ም በዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ላይ በተደረገው ክርክር በሸንጎ ቀርባ ስለ መሰከረች ሥራዋን አጣች፤ እርሷ ግን ተስፋ ሳትቈርጥ መኖሪያ ቤቷን የምግብ ቤት አደረገችው፤ በገበታዋም ዙሪያ የመብቱ ትግል መሪዎች ተሰብስበው ይመክሩ ነበር። የእኛ አባቶች ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለታቸው እንዲህ ያለውን ነገር አይተው ነው።

በአትላንታም እንዲሁ፣ ጄምስና ሮበርት ፓስካል የተባሉ ወንድማማቾች በ1947 ዓ/ም የከፈቱት ቤት በተጠበሰ ዶሮው ሲመሰገን ኖሮ፣ በኋላ ሰልፈኞች የሚመከሩበትና ከእስር የተፈቱት የሚመገቡበት ስፍራ ሆነ። ቤቱ ቦታውን ቢለውጥም ዛሬም በከተማዪቱ አለ። እንግዲህ በዚያ አገር ለረዥም ዘመን ጥቍር ሰው በብዙ ምግብ ቤቶች ከነጭ ጋራ ተቀምጦ እንዳይበላ ሕግ ይከለክለው እንደ ነበረ፣ ይህም በ1964 ዓ/ም በወጣው የመብት ሕግ እንደ ተሻረ ስናስብ፣ በአንድ ቤት ያለ ልዩነት ተቀምጦ ቍርስ መብላት ትንሽ ነገር እንዳልሆነ እንረዳለን።

ወደዚያ የሚሄድ አንባቢ የተወደደውን ቤት በምን ያውቃል ቢባል፣ መልካም ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ማለዳ ገና ሲነጋ ሠራተኞችና ሽማግሌዎች የሚገቡበት እንጂ መንገደኛ ብቻ የሚሞላው ቤት አይሁን። የምግቡ ዝርዝር አጭር ይሁን፤ ሁሉን እናውቃለን የሚል ቤት አንዱንም አጥብቆ አያውቅምና። ቢስኪቱ ሲያልቅ «አለቀ» የሚል ቤት ከትናንት የተረፈውን አሙቆ ከሚያቀርብ ቤት ይበልጣል። አስተናጋጂቱም የደንበኞቹን ስም የምታውቅ ከሆነች፣ ያ ቤት በሰፈሩ ሰዎች የተወደደ መሆኑን አትጠራጠሩ። ደግሞም ቀድሞ ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። በዚያ አገር የዓሣማ ሥጋና ስብ በቍርስ ምግብ ውስጥ እጅግ ይበዛል፤ በቢስኪቱ ላይ የሚፈሰው ነጭ ወጥ አብዛኛውን ጊዜ ከእርሱ ይሠራል፤ ቢስኪቱም ራሱ በቅቤ ፈንታ በዓሣማ ስብ የሚለወስበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከዚህ የሚከለከል ሰው ሳያፍር በትሕትና ይጠይቅ። ጿሚ የሆነም ሰው በውሃ ብቻ የበሰለ ግሪትስና ፍራፍሬ ቢያዝ ሳይራብ ይውላል።

የእነዚህ ቤቶች ዕድሜ ግን የሰው ዕድሜ ነው። በሰሜን ካሮላይና በቻፕል ሂል በ1982 ዓ/ም የተከፈተው ክሩክስ ኮርነር የተባለው ቤት ሽሪምፕና ግሪትስን በአገሩ ሁሉ ያስመሰገነ ነበር፤ ነገር ግን በ2021 ዓ/ም ተዘጋ። ቤቱ ቢዘጋም የምግቡ ሞያ ያልጠፋው በጽሑፍ ስለ ቆየ ነው። በ1916 ዓ/ም በቨርጂኒያ፣ ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች በመሠረቱት ፍሪታውን በሚባል መንደር የተወለደችው ኤድና ልዊስም በ1976 ዓ/ም ባሳተመችው መጽሐፍ የእናቷንና የመንደሯን ምግብ በየወራቱ፣ ቍርሱን ጭምር፣ ለይታ ጻፈች። ባትጽፈው ኖሮ የዚያች ትንሽ መንደር ማዕድ ከሽማግሌዎቹ ጋራ በተቀበረ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ለቤታችን የሚተርፍ ትምህርት አለ። በየቤታችን ድፎ ዳቦውን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ የምትደፋ፣ አምባሻውን በጥበብ የምታስጌጥ፣ ጨጨብሳውን በለጋ ቅቤና በበርበሬ የምታዋዛ እናት ወይም አያት አለች። ሞያዋ በእጇ ላይ ብቻ ያለ ነው፤ የዱቄቱን ልክ ብንጠይቃት «እጄ ያውቀዋል» ትላለች። መኳንንቱና ሹማምንቱ የአባቶቻቸውን የጦር ታሪክ ለማጻፍ ይተጉ ነበር፤ ይህም የተመሰገነ ነው። ነገር ግን የእመቤቲቱ ባልትና ሳይጻፍ ቢቀር ከታሪካችን እኩሌታው ይጠፋል። ስለዚህ ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ ልጅ በዚህ ሳምንት ብዕርና ወረቀት ይዞ ወደ አያቱ ጓዳ ይግባ፤ እርሷ ስትጋግር ይመልከት፤ በእፍኟ የምታነሣውንም ዱቄት በስፍር ለክቶ ይጻፍ። የሚጽፈው ነገር ለልጅ ልጁ የሚተርፍ ቅርስ ይሆናል።